የወለዱን ቁጥር የሚቀባው ሰው

ይቅርታ አድርጉልኝ፤ መጻፍ የእኔ ሥራ አይደለም። ትምህርት ቤት የሄድኩት ሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያም ውስጥ አንዱን ዓመት በወባ ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት። እስክሪብቶ ስይዝ እጄ ላብ ያወጣል። ነገር ከደጋገምኩ ወይም የኋላውን ከፊት ካመጣሁ አትሳቁብኝ፤ ከሳቃችሁም እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ሳቁ። የዎፋ ማኑን ነገር ከእኔ አሳምሮ የሚጽፍ ሰው ከተማችን ውስጥ ሞልቷል። ግን ሁሉም ከባንኩ ጋር አንድ ጉዳይ አላቸው፤ ስለዚህ አይጽፉትም። እኔ ባንኩ ፊት ለፊት የበቆሎ አጥሚት ነው የምሸጠው። ከባንኩ የምፈልገው የለም፤ እነሱም ከአጥሚት በቀር ከእኔ የሚፈልጉት የለም።

ማኑ ቀለም ቀቢ ነበር። የእህቱ የሴርዋ ልጆች ዎፋ፣ አጎቴ፣ እያሉ ስለሚጠሩት ከተማው ሁሉ ዎፋ ማኑ ይለዋል። ቀጭን ሰው ነው። ሸሚዙ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ በየሳምንቱ የሚጨምረው ላዩ ላይ ያለው የቀለም ጠብታ ነው። የፀጉር ቤት በር ላይ ጭንቅላት ይስላል፣ ሚኒባስ ጀርባ ላይ የሾፌሩን ጸሎት ይጽፋል፤ የሬሳ ሣጥን ሠሪው ሱቅ ላይ «ዱቤ የለም» ብሎ የጻፈውም እሱ ነው። ግን ስሙን ያስጠራው የባንኩ ሰሌዳ ነው።

ከባንኩ በር አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ፣ የሰው ቁመት የሚያህል ጥቁር ሰሌዳ አለ። በነጭ ቀለም «ለተበዳሪዎች፤ የዓመት ወለድ ከመቶ» ይላል፤ ከሥሩ ቁጥሩ አለ። ፊደሉን ማንም አይነካውም። የሚለዋወጠው ቁጥሩ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ያንን ቁጥር እያጠፋ እንደገና የቀባው ማኑ ነው።

ሲጀምር ቁጥሩ አሥራ ዘጠኝ ነበር። እሱ ራሱ ሲነግረኝ፣ «አሥራ ዘጠኝን ስቀባ ሰው ሁሉ ሌባ ናቸው አለ። አሁን አሥራ ዘጠኝ ቢሉ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ያመሰግናሉ» ብሎ ምራቁን ጢቅ አደረገ። ከዚያ ሃያ ስድስት ሆነ፤ ከዚያ ሠላሳ፤ ከዚያ ሠላሳ ስምንት። አንድ ዓመት አርባ ሰባት ደረሰ። ያኔ ማኑ መሰላሉ ላይ ሆኖ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ትንሽ ቆይተው ሦስተኛ ቁጥር ሊጠይቁኝ ነው፤ ሰሌዳው አይበቃም» አለ። አጥሚት የሚጠጡት ሁሉ ሳቁ። የሚስቁት ያልተበደሩት ነበሩ።

ቁጥሩ የሚወጣበትና የሚወርድበት መንገድ አንድ አልነበረም። መውጣት ሲኖርበት ጠዋት በባንኩ መኪና መጥተው ከአልጋው ያነሱታል። ቀለም አለ፣ ብሩሽ አለ፣ የምሳ ገንዘብም አለ። እዚያ ቆመው እስኪጨርስ ያዩታል። መውረድ ሲኖርበት ግን፣ አክራ ያሉት ትልልቆቹ ሰዎች ወለድ ቀንሷል ብለው በሬዲዮ ከተናገሩ ወር ያልፋል፤ ሁለት ወር ያልፋል። ማኑ ሄዶ ይጠይቃል።

«ቀለም አልቋል ዎፋ» ይሉታል።

«እኔ ቤት ግማሽ ቆርቆሮ አለ።»

«እሱ የባንኩ ቀለም አይደለም። ስንገዛ እንጠራሃለን።»

ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ወለድ ሲወርድ ቀለም ያልነበረበት ባንክ ነው። አራት ማናጀር ተቀያይሮበታል። ለመውጣቱ ሁሉም ምክንያት ነበራቸው። የመጀመሪያው ድርቅ ነው አለ። ሁለተኛው መንግሥት ነው አለ። ሦስተኛው፣ ሆዱ ከጠረጴዛው ቀድሞ ቢሮ የሚገባው፣ እናንተ ስለማትከፍሉ ነው አለ። ላለመውረዱ ግን ምክንያት የሰጠ የለም፤ የጠየቀም ከማኑ በቀር አልነበረም። አንድ ጊዜ ለምን እንደሆነ ሲጠይቅ ሦስተኛው ማናጀር፣ «አንተ ቀባ። ማሰቡን እኛ እናስብልሃለን» አለው። ማኑ ይህችን አልረሳትም።

እሱ ራሱ ከባንኩ ሰባራ ፔሴዋ ተበድሮ አያውቅም። ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር የበሩ ቁጥር ነው ይል ነበር፤ ውስጥ ሲገቡ ሌላ ይጨመራል። የፎርም ይከፈላል። የፋይል ይከፈላል። የጉብኝት ይከፈላል። ጉብኝት ማለት የብድር ሠራተኛው እርሻህን ሊያይ ይመጣል፣ ዶሮህን ይበላል፣ ከዚያ ስለመጣበት ያስከፍልሃል። ይህን ሁሉ ችሎ ለቆየ ገበሬ ደግሞ በመጨረሻ ገንዘብ የለም ይሉታል። ገንዘቡማ አለ፤ አክራ ሄዷል። ለመንግሥት አበድረውታል። መንግሥት ወረቀት ጽፎ ይወስዳል፣ ጥሩ ወለድ ይከፍላል። ዋስ አይጠየቅም። ዶሮም አያርድም። ታዲያ የጋና ማናጀር ምን ብሎ ጭቃ ውስጥ ገብቶ የካሳቫ ማሳ ያያል?

እህቱ ሴርዋ ግን ትበደራለሁ አለች። ባሏ ሞቶባታል፤ አራት ልጆች አሏት። ካሳቫ እየፈገፈገች፣ ዱቄቱን እየቆላች ትሸጣለች። ስትፈገፍግ ከካሳቫው ጋር የጣቷ ቆዳ ይሄዳል፤ መዳፏን አይቼዋለሁ፣ የእጅ መስመር የላትም። በሞተር የሚሠራ መፍጫ ብትገዛ በቀን የምትፈገፍገውን በግማሽ ሰዓት ትጨርሳለች፤ የሰውንም እየፈጨች ታስከፍላለች። መፍጫው ስምንት ሚሊዮን ሲዲ ነበር፤ በድሮው ገንዘብ ማለቴ ነው።

«ሠላሳ ከመቶ ነው» አላት ማኑ። «እኔ ነኝ የቀባሁት፣ አውቀዋለሁ። ሁለት ዓመት ለእነሱ ነው የምትፈጪው። ሞተሩ ያንቺ የሚሆነው ሊያረጅ ሲል ነው።»

«እጄስ?» አለችው። «እጄ እስኪያረጅ ልጠብቅ? እሱ መቼም አርጅቷል።»

ማኑ ሄዶ ዋስ ሆናት። ፎርም ከፈለች፣ ፋይል ከፈለች፣ ዶሮ አረደች። ዘጠኝ ወር አመላለሷት። በመጨረሻ ተፈቅዶልሻል፣ ግን አዲሱ ገንዘብ ሲመጣ ነው የምትወስጂው አሏት።

ያ ዓመት መንግሥታችን ከገንዘቡ ላይ አራት ዜሮ የቆረጠበት ዓመት ነው። አሥር ሺህ የነበረው አንድ ሆነ። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ዋጋው አልተለወጠም፣ አትሸበሩ እያለ ይለፈልፋል። ገበያ ላይ አሮጊቶች ቲማቲም በአሥር ጣት እየቆጠሩ ይጣላሉ። ሰው ሁሉ ዜሮ ይቆርጣል፤ ሻጭም፣ አስተማሪም፣ ቄስም።

አራተኛው ማናጀር ሚስተር አምፖንሳ ገና አዲስ ነበር። ወጣት ነው፣ ከረባቱ ይጠብቀዋል፤ ሰላምታ ሲሰጥ ሰዓቱን እያየ ነው። ኩማሲ ለስብሰባ ሊሄድ ሲል ለማኑ ማኅተም ያለበት ወረቀት ጽፎ ሰጠው። ወረቀቱ እንዲህ ይል ነበር፦ በባንኩ ግድግዳና ሰሌዳ ላይ ካለ ማንኛውም ቁጥር፣ በአዲሱ የገንዘብ ሕግ መሠረት፣ እስከ አራት ዜሮ ድረስ ይቀነስ።

ማኑ ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ ቀስ ብሎ አነበበው። «ማንኛውም ቁጥር ነው የሚለው?»

«ዎፋ፣ ማንበብ አይችሉም እንዴ?» አለ አምፖንሳ መኪናው ውስጥ እየገባ። «ማንኛውም ነው የሚለው። ማክሰኞ ስመለስ አንድም የድሮ ቁጥር ማየት አልፈልግም።»

ገንዘቡ እሑድ ተለወጠ፤ ሰኞ በዓል ነበር። ማኑ በዓሉን መሰላል ላይ ዋለ። ሂሳብ ለመክፈት ሁለት መቶ ሺህ የሚለውን ሃያ አደረገው። የባንኩን አክሲዮን ዋጋ፣ አሥር ሺህ፣ አንድ አደረገው። ከዚያ ወደ ጥቁሩ ሰሌዳ መጣ። ሠላሳ ይላል። አንድ ዜሮ አለው።

ወርዶ ቆመ። ይህን ራሱ ነው የነገረኝ፤ ሲነግረኝም አልሳቀም። የሚጠይቀው ሰው አልነበረም፤ ማናጀሩ ኩማሲ ነው፣ ባንኩ ዝግ ነው። ወረቀቱን አውጥቶ ደግሞ አነበበው። ማንኛውም ይላል። ሠላሳ ሚሊዮን ሦስት ሺህ ከሆነ፣ ሠላሳው ሦስት ቢሆን ምን ይገርማል? ደግሞስ በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ የትኛው ቁጥር ነው ሲገባው የተቀባው? ሠላሳ ስምንትን በአንድ ሳምንት አርባ ሁለት አድርግ ብለውት ሲያደርግ፣ ያ ከዚህ በምን ይሻላል? ያኔ ዘጠኝ ሰው ልጁን ከትምህርት ቤት አስወጣ፤ ማንም ተሳስተናል አላለም። ምናልባት አንድ ቀን እንኳ ለእኛ የሚሆን ቁጥር ላኩ፣ አለ በልቡ።

ዜሮዋን በጥቁር ቀለም አጠፋት። ሦስቷ ወደ ግራ ተጥላ ብቻዋን ቀረች። አስጠላችው፤ ጠማማ ሥራ አይወድም። እሷንም አጠፋና መሃል ላይ፣ ትልቅ፣ አዲስ ሦስት ቀባ።

ማክሰኞ ጠዋት ሴርዋ ገንዘቧን ልትወስድ ሄደች። የብድር ወረቀቶቹን የምትሞላው ፎሱዋ የምትባል ልጅ ናት። የባንኩ ፎርም ሲታተም የወለዱ ቦታ ባዶ ነው የሚተወው፤ ቁጥሩ እየተቀያየረ የታተመ ወረቀት ስላበላሸባቸው ነው። ስለዚህ ፎሱዋ እንደ ልማዷ በሩ ድረስ ወጥታ ሰሌዳውን አይታ ተመለሰች። ከዚያ እንደገና ወጥታ አየች።

«ማሜ ሴርዋ፣ ሦስት ነው የሚለው።»

«ልጄ፣ ሰሌዳው የእናንተ ነው።»

«አዲሱ ገንዘብ ይሆናላ።»

«ይሆናል» አለች ሴርዋ፣ እጇን ቦርሳዋ ላይ ጭና። ፎሱዋ ሦስት ብላ ጻፈች፣ አስፈረመቻት፣ ማኅተም መታች። ስምንት መቶ አዲስ ሲዲ ቆጥራ ሰጠቻት። ሴርዋ አልቆመችም፤ ቀጥታ መኪና ተራ ያለው ሻጭ ዘንድ ሄዳ የመፍጫውን ገንዘብ ከፍላ፣ ነገ ጠዋት እንዲያመጡላት ተስማማች።

እስከ ቀትር ወሬው ተዛመተ። ስልሳ ሰው ተሰለፈ። እኔ ያን ቀን ሁለት ድስት አጥሚት ሸጥኩ። ዓመት ሙሉ ማኑን ሰላም የማይሉት ሰዎች ዎፋ፣ ዎፋዬ፣ ይሉት ጀመር። የሬሳ ሣጥን ሠሪው ሳይቀር ተሰልፏል፤ ያ ዱቤ የለም ያስጻፈው።

አሥር ሰዓት ላይ አምፖንሳ ተመለሰ። መኪናው ገና ሳይቆም ነው ሰሌዳውን ያየው። ወርዶ ከረባቱን አላላ። ሰልፉን ዛሬ ሥራ አበቃ ብሎ በተነውና ማኑን አስጠራ። ሴርዋም አብራ ገባች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከሁለቱም፣ ትንሽ ትንሹን ደግሞ ከፎሱዋ ሰምቼ ነው የምጽፈው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ አምፖንሳ። አንቱ የሚባል ነገር ቀርቷል።

«ሦስት ነው» አለ ማኑ።

«ሰክረህ ነበር?»

«ቀለም ነው ያሸተትኩት።»

«ወለድ ገንዘብ አይደለም። ከመቶ ማለት ከመቶ ነው፤ ዜሮው አይቆረጥም። ይሄን የማያውቅ ሰው ነው ሃያ ምናምን ዓመት ሰሌዳ የሚቀባልን?»

«አዎ» አለ ማኑ። «ማሰቡን እናንተ ታስቡልኛላችሁ ተብያለሁ።»

«ደግሞ መሃል ላይ አስተካክለህ፣ አስውበህ። ይሄ ስህተት ነው?»

«ጠማማ አልሠራም።»

አምፖንሳ ወረቀት ገፋለት። ተጽፎ ተዘጋጅቷል። ማኑ ሰክሮ፣ ማንም ሳያዘው፣ በራሱ ፈቃድ ቁጥሩን እንደቀየረ ይናዘዛል። ከፈረመ የሴርዋ ውል ይሰረዛል፤ በሠላሳ እንደገና ይጻፋል። ማኑም ምሕረት ይደረግለታል፣ ሥራውን ይቀጥላል። ካልፈረመ የባንኩን ቀለም ዳግም አይነካም፤ የሴርዋንም የወለድ ልዩነት፣ በዓመት ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ሲዲ፣ ዋሷ እንደመሆኑ ከእሱ ይጠይቃሉ። አምፖንሳ ይህን ሲናገር ሰዓቱን አየ።

ማኑ እህቱን አያት። ሴርዋ፣ «ፈርም። ሥራህን አትጣ። በሠላሳም ቢሆን እፈጫለሁ» አለችው። ስትናገር እጆቿን ከጠረጴዛው ሥር ደብቃቸው ነበር። ማኑ ግን መደበቋን አየ።

እጁን ኪሱ ከተተና አምፖንሳ የጻፈለትን ወረቀት አወጣ። ነጭ ቀለም ተጣብቆበታል፤ ማኅተሙ ግን ይነበባል። ከእጁ ሳይለቅ ዘርግቶ አሳየው። «ያንተ ጽሕፈት ነው። ማንኛውም ይላል። ማንበብ አይችሉም እንዴ ብለኸኝ ነበር፤ ይኸው አነበብኩት።»

አምፖንሳ ሳቀ። «ማን ያምንሃል? ቀቢ ነህ።»

ፎሱዋ ከበሩ አጠገብ ቆማ፣ እያፈረች በትንሽ ድምፅ፣ «ሚስተር አምፖንሳ፣ ኩማሲ ያሉት አለቆቻችን እሱን አይጠይቁትም። ማኅተሙ የማን ነው ነው የሚሉት» አለች።

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ውጭ የተበተነው ሰልፍ አልተበተነም፤ በመስኮቱ ይታያል። ያ ለስምንት ሚሊዮን ሲዲ ዘጠኝ ወር ሰው የሚያገላታ፣ እርሻ የሚጎበኝ፣ ዶሮ የሚበላ ባንክ፣ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ፊት እንደዚያ ሲያንስ ማየት ነበረባችሁ። እኔም አላየሁትም፤ ግን ማኑ ሲነግረኝ ያየሁት ያህል ደስ ብሎኛል፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«እሺ» አለ አምፖንሳ። «የእሷ ውል እንዳለ ይቆይ። የእሷ ብቻ። ወረቀቱን ስጠኝ።»

«አልሰጥህም።»

«ተስማማን አይደለም እንዴ?»

«ተስማምተናል። እህቴ የመጨረሻዋን ፔሴዋ የከፈለች ቀን ትወስደዋለህ። እስከዚያ እኔ ዘንድ ይቀመጣል» አለ ማኑ፣ ወረቀቱን እያጠፈ። «ዋስትና ነው። ያለ ዋስትና እንደማይሆን ከእናንተ ነው የተማርኩት።»

ሁለቱ ሲወጡ አምፖንሳ ከኋላ ሆኖ፣ «ነገ ባንኩ ሳይከፈት ሰሌዳው ሠላሳ ይሁን። ከዚያ በኋላ ፊትህን አላይም» አለ። ስልሳው ሰው ያን ዕለት ማታ ማኑን ሰደበው። ለእህቱ ብቻ አደላ አሉ። ቁጥሩን የሚያወጡትን ሃያ ሰባት ዓመት ያልሰደበ አፍ ሁሉ ቀቢውን ሲሰድብ አመሸ። የእኛ ከተማ እንዲህ ነው፤ ከፍ ያለውን ሲፈራ ኖሮ፣ መሰላል ላይ የቆመውን ያወርዳል።

በማግስቱ ማለዳ ገና እሳቴን ሳቀጣጥል የባንኩ መኪና ማኑ ደጅ ሄደ፤ እንደ ድሮው፣ ቁጥር ሊወጣ ሲል እንደሚሄደው። ማኑ ለብሶ፣ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሾፌሩ ቶሎ በል፣ ሠላሳ ይጠብቅሃል አለው።

«ቀለም አልቋል» አለ ማኑ።

ሾፌሩ አልገባውም። «ነገ ይገዛልሃል፣ ዛሬ ባለህ ቀባ።»

«ያለኝ የባንኩ ቀለም አይደለም። ስትገዙ ትጠሩኛላችሁ።»

መኪናው ባዶውን ተመለሰ። በኋላ ዘበኛው መሰላል ላይ ወጥቶ ከሦስቷ ጎን በኖራ ዜሮ ሊሠራ ሲታገል አየሁት፤ የተጨፈለቀ እንቁላል መሰለችበት፤ ኖራውም ፊቱ ላይ ይንጠባጠባል። ማኑ በእኔ በኩል አለፈ። አጥሚት አልጠጣም፣ ቀና ብሎም አላየም። በአንድ እጁ ብሩሾቹን፣ በሌላው የነጭ ቀለም ቆርቆሮውን ይዟል፤ ከአካሄዱ ከግማሽ በላይ ሙሉ እንደሆነ ያስታውቃል። መፍጫው በመኪና ተጭኖ ሴርዋ ደጅ ደርሶ ነበር። ቆርቆሮውን አስቀምጦ ከሴርዋ ጋር ማውረድ ጀመረ።